ነጭ ጫማሽን ቢጫ ያደረገው ቆሻሻው አይደለም

ጥያቄ፦ "ነጭ ስኒከር አለኝ። የላዩ አብዛኛው ክፍል ጨርቅ ነው። አፍንጫውና ተረከዙ ጋ ነጭ ቆዳ አለው። ሶሉ ነጭ ጎማ ነው። ሲቆሽሽብኝ በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ በዱቄት ሳሙና ፈተግኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እርጥብ እያለ ወተት መስሎ ነበር። ሲደርቅ ግን ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ደግሜ በበረኪና አጠብኩት፤ ባሰበት። ምን አጠፋሁ? ይመለሳል? ከዚህ በኋላስ ነጭነቱን እንዴት ላቆየው?"

መልስ፦ እህቴ፣ ከቢጫው አብዛኛው የሚለቅ ይመስለኛል። ሁሉም ግን ላይለቅ ይችላል። የቱ እንደሚለቅ፣ የቱ እንደማይለቅ ራስሽ የምትለዪበትን መንገድ ከታች አሳይሻለሁ። እስከዚያው አንድ ነገር ብቻ፦ ያንን በረኪና ለ3ኛ ጊዜ እንዳታነሺው።

ትልቁን ፍንጭ ራስሽ ሰጥተሽኛል። "እርጥብ እያለ ነጭ ነበር፣ ሲደርቅ ቢጫ ሆነ" ብለሻል። ተራ ቆሻሻ እንዲህ አያደርግም። ጭቃ ወይም አቧራ ቢሆን እርጥብም ሆኖ ይታይሽ ነበር። ሲደርቅ ብቻ ብቅ የሚል ቢጫ ከውሃው ጋር የተጓዘ ነገር ነው። ጠረጴዛ ላይ ጠብ ያለ ሻይ ሲደርቅ አይተሽ ታውቂ ይሆናል። መሃሉ ይሳሳል፣ ዳር ዳሩ ላይ ጠቆር ያለ ቀለበት ይቀራል። ውሃው እየተነነ ሲሄድ የሟሟበትን ነገር ሁሉ ተሸክሞ መውጫው ላይ ያራግፈዋል። ጫማሽም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ስኒከር ከላይ ሲታይ ስስ ጨርቅ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ስፖንጅ አለ፣ ገበር አለ፣ ማጠንከሪያ አለ፣ ማስቲሽ አለ። ይህ ሁሉ ሳሙናውንና በረኪናውን ይጠጣል። አንቺ ላይ ላዩን አለቅልቀሽ "አሁንስ ጠራ" ብለሽ ስታሰጪው የውስጡ ውሃ ገና ሳሙና እንደያዘ ነው። ፀሐይ ስታገኘው ከውስጥ ወደ ላይ ይሳባል። ውሃው በኖ ይሄዳል። ሳሙናው፣ የቆየው ላብ፣ የሟሟው ቆሻሻ የላይኛው ጨርቅ ላይ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ጥፋተኛ በረኪናው ራሱ ነው። በረኪና ማለት በውሃ የተበጠበጠ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅን በልኩ ከተጠቀሙበት ያነጣል። የስኒከር ጨርቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ጥጥ አይደለም። የናይሎን ክር፣ የሚለጠጠው ስፓንዴክስ፣ የፖሊዩሬታን ስፖንጅ ይገባበታል። በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን እነዚህን ራሳቸውን ያስቢጫቸዋል። ያደርቃቸዋል፣ ያሳሳቸዋል። ይኼኔ የተለወጠው ላዩ ላይ ያለው ቆሻሻ ሳይሆን ክሩ ራሱ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ነጭ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚያደምቅ ኬሚካል ይዞ ነው። ይህ ኬሚካል ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይቀበልና ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ መልሶ ይረጨዋል። ሰማያዊው ደግሞ የጨርቁን የተፈጥሮ ቢጫነት ይሸፍነዋል። ጭፈራ ቤት ወይን ጠጅ መብራት ሥር ነጭ ሸሚዝ ለብቻው ቦግ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በረኪና ይህን ማድመቂያ ይበላዋል። ደግመሽ ስታጥቢው የባሰበት ለዚህ ነው። መድኃኒት ብለሽ የጨመርሽው በሽታውን ነበር።

ፀሐይዋም አለችበት። ፀሐይ ነጭ ልብስ ታነጣለች የሚባለው ለጥጥ አንሶላ እውነት ነው። ጎማ፣ ማስቲሽና ሰው ሠራሽ ቆዳ ግን ብርሃንና ሙቀት ሲደራረብባቸው ከአየር ኦክስጅን ጋር ይዋሃዱና ይቢጫሉ። የሶሉን ዳር ተከትሎ የሚሄድ ቢጫ መስመር ካየሽ ከማስቲሹ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ጥገናው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ጫማ ሳጸዳ በኖርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ከዚህ የሚመጣ ነው። ሰው "ነጭ ጫማ" ሲል ነጩ አንድ ዓይነት ይመስለዋል። አንቺ ጫማ ላይ ግን 3 ዓይነት ነጭ አለ። ቆዳው ነጭ የሆነው ተቀብቶ ነው። በክሮም የለፋ ቆዳ እንዲያውም ከመቀባቱ በፊት ሰማያዊ ቢጤ ነው። ላዩ ላይ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ያለበት ስስ ቅብ ይደረብበታል። የግድግዳ ነጭ ቀለም ውስጥ የሚገባውም እሱው ነው። ስለዚህ ቆዳውን ፈትገሽ ፈትገሽ መጨረሻ ላይ የምታነሺው ቅቡን ነው። ጎማው ላይ ደግሞ ነጩ ዱቄት ከውስጥ እስከ ውጭ አብሮት ተቦክቷል። በትንሹ ብትፍቂው ከሥሩ ሌላ ነጭ ይወጣል። ጨርቁ ላይ ነጩ ክሩ ራሱ ነው። የሚፋቅ ነገር የለውም። እንግዲህ ቆዳው ይታበሳል፣ ጎማው ይፋቃል፣ ጨርቁ ደህና ተደርጎ ይለቀለቃል። ጎማ የምትፍቂበትን ስፖንጅ ቆዳው ላይ ያሳለፍሽ ቀን ጫማው ማብረቅረቁን ትቶ ኖራ ይመስላል።

አሁን ወደ አንቺው ጫማ። ማሰሪያውን ፍቺና አውጪ። የውስጡንም ሶል አውጪው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ላብና ሳሙና ተቋጥሮ የሚቀመጠው ግን እዚያ ነው። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ከቧንቧ እየፈሰሰ ጨርቁን በጣትሽ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ እያደረግሽ አለቅልቂው። ሳሙና አትጨምሪ። የቁርጭምጭሚቱን ስፖንጅና ምላሱን በተለይ ጭመቂያቸው። ውሃው ስለጠራ አትመኚው፤ አረፋውን ተመልከቺ። ስትጨምቂው ነጭ አረፋ እስካለ ድረስ ሳሙናው አላለቀም። ከዚያ በደረቅ ነጭ ፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚው፤ ፎጣው የውስጡን ውሃ ይመጥልሻል። እንደገና አለቅልቂ፣ እንደገና በፎጣ ምጠጪ። እንዲህ 3 ወይም 4 ጊዜ ስታመላልሺው አንድ ሰዓት ሙሉ ዘፍዝፈሽ ከምታገኚው ውጤት የተሻለ ታገኛለሽ። ቆዳውን አትዘፍዝፊው እንጂ እንዲህ ለአጭር ጊዜ ውሃ ቢነካው ምንም አይሆንም።

ቀጥሎ ምርመራው ይመጣል። በጣም የቢጨውን ቦታ በንጹሕ ውሃ አርጥቢና ነጭ፣ ሥዕል የሌለው ሶፍት 2 ወይም 3 ደራርበሽ ለጥፊበት። ጨርቁ ላይ በደንብ ይጣበቅ፤ በመሃል አየር አይኑር። ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ሲደርቅ ገልብጠሽ እይው። ሶፍቱ ቢጫ ወይም ቡናማ ይዞ ከተነሳ ደስ ይበልሽ፦ ቢጫው የቀረ ሳሙናና ቆሻሻ ነው፤ ይወጣል። ሶፍቱ ነጭ ሆኖ ከተነሳና ጨርቁ አሁንም ቢጫ ከሆነ ክሩ ራሱ ተለውጧል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ማለቅለቅ ያድነዋል። ሁለተኛውን ማደብዘዝ እንጂ እንደነበረ መመለስ አይቻልም።

ይህ የሶፍት ዘዴ ከመመርመሪያም በላይ ነው። ውሃ የሚተነው ከላይኛው ወለል ነው ብለን የለ? ጨርቁ ላይ እርጥብ ወረቀት ስትለጥፊ የላይኛው ወለል ወረቀቱ ይሆናል። ሊቢጭ የመጣው ሁሉ ጨርቁን አልፎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከመጨረሻው ማለቅለቂያ በኋላ ጨርቁን ሁሉ በሶፍት ሸፍኚና አድርቂው። ቢጫ ከያዘ በአዲስ ቀይሪና ድገሚ። ሸራና ጥጥ ላይ ተአምር ይሠራል። ውሃ በማይጠጣ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ደከም ይላል። ቆዳ ላይ ዋጋ የለውም፤ አትልፊ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረ ቢጫ ካለ 3 በመቶ የሆነውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተጠቀሚ። ቁስል ማጠቢያ ተብሎ ፋርማሲ የሚሸጠው ነው። እሱም ያነጣል፤ ግን በክሎሪን ሳይሆን በኦክስጅን ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ የሚተወው ውሃ ነው። ግማሽ ስኒ ላይ 2 ወይም 3 ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪበት። በጥጥ ወይም በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጨርቁን ብቻ አርጥቢ። ቶሎ እንዳይደርቅ በላስቲክ ሸፍነሽ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጥላ ውስጥ ተዪው፤ ከዚያ አለቅልቂ። ጓንት አድርጊ። መጀመሪያ ግን ከምላሱ ሥር፣ ሰው በማያየው ቦታ ሞክሪው። ባለቀለም አርማ ወይም ስፌት ካለው ቀለሙን ሊያደበዝዘው ይችላል።

ጫማሽ ሙሉ በሙሉ ሸራ ቢሆን ኖሮ ሶዲየም ፐርካርቦኔት እልሽ ነበር። ክሎሪን የሌለበት የልብስ ማንጫ ዱቄት ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው እሱ ነው። ውሃ ሲነካው ፐርኦክሳይድና ሶዲየም ካርቦኔት ይለቃል። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ የውሃው ሙቀት 40 ዲግሪ ገደማ፣ ጊዜው 1 ሰዓት። በቀዝቃዛ ውሃ ሰነፍ ነው። በጣም በሞቀ ውሃ ደግሞ ዱቄቱ ቢሠራም ማስቲሹ ይላላል። ቆዳ፣ ሱፍና ሐር አይወዱትም። የአንቺው ቆዳ ስላለበት ይቅርብሽ። ለማሰሪያው ግን ተጠቀሚበት፤ ማሰሪያ እንደዚህ ነው የሚነጣው።

መጨረሻ ላይ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ጨምረሽ ጨርቁን በሱ ብታለቀልቂው ጥሩ ነው። ሳሙናም በረኪናም አልካሊ ናቸው። ጣት ሲነካቸው የሚያሟልጨው ለዚህ ነው። አቼቶው አሲድ ስለሆነ የቀረውን አልካሊ ያረክሰዋል። ነገር ግን ይህንን በደንብ ስሚኝ፦ በረኪና የነካ ጫማ ላይ አቼቶ የሚደረገው የበረኪናው ሽታ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ ነው። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳንባ ያቃጥላል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሌላ መርዝ ጋዝ ይፈጥራል። በረኪናን ከተራ ውሃ በቀር ከምንም ጋር አትቀላቅዪው። ጫማውን በደንብ ካለቀለቅሽው በኋላም ሽታው አልጠፋ ካለሽ ብቻ 3 በመቶውን ፐርኦክሳይድ በውሃ አቅጥነሽ አስነኪው፤ የቀረውን በረኪና ወደ ጨውና ኦክስጅን ይለውጠዋል። ከዚያ እንደገና አለቅልቂ።

ስለ አቼቶ ካነሳን አይቀር፣ "ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ቀላቅዪ" የሚለውን ምክር ሰምተሽ ይሆናል። ይፈላል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ቪዲዮ ላይ ያምራል። ግን አንዱ አሲድ ነው፣ ሌላው አልካሊ ነው፤ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ የሚቀረው ውሃና ትንሽ ጨው ነው። ሁለት የማይረቡ ነገሮች ናቸው ማለቴ አይደለም። ለየብቻ ይሠራሉ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሥራውን የሚሠራው የአንቺው ክንድ ነው።

ወደ ቆዳው እንሂድ። አጭር ነው። መጀመሪያ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፊ። ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አድርገሽ አረፋ እስኪያወጣ በጥብጪው፤ ብሩሹን ውሃው ውስጥ ሳይሆን አረፋው ውስጥ ንከሪው። በክብ በክብ እየዞርሽ አሽዪ፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሺ፣ በደረቅ ጨርቅ ድገሚ። አለቀ። አሴቶን ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ እንዳታስነኪው፤ ቅቡን በአንድ ማበስ ይዞልሽ ይሄዳል። ቆዳ ማለስለሻ ቅባት ስትመርጪም ተጠንቀቂ። ዘይት የበዛበት ቅባት ጥቁር ጫማ ላይ ጌጥ ነው፤ ነጭ ላይ ግን ዘይቱ ሲቆይ ይቢጫል። ቀለም የሌለው ቀለል ያለ ክሬም፣ በጣም ጥቂት። ጭረት ካለበት ነጭ ክሬም ወይም ነጭ የጫማ ቀለም ይሸፍነዋል፤ እሱም ውስጡ ያው ነጩ ዱቄት አለ። ግን ሳታጸጂ ከቀባሽው ቆሻሻውን ከቀለሙ ሥር ቆልፈሽበት ማለት ነው።

ጎማው ላይ ነው ሰው የሚደሰተው። ነጩ የሜላሚን ስፖንጅ አለ፤ ሲነካ ለስላሳ ነው፣ ሥራው ግን የደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ነው። አርጥበሽ ጨምቂውና በቀስታ ፈትጊ። ጥቁር ጭረት፣ የወለል ምልክት፣ ሁሉም ይሄዳል። ስፖንጁ እያለቀ ይሄዳል፤ እንደ ላጲስ ቁጠሪው። ላጲስም ራሱ ለትንንሽ ጭረት ይበቃል። የጥርስ ሳሙና ይሠራል ወይ ለሚለው፦ ጎማ ላይ አዎ። ውስጡ ጥርስ የሚፍቅ ደቃቅ ዱቄት አለበት። ነጩን ተጠቀሚ፤ ሰማያዊ ወይም ጄል የሆነውን ተዪው። ጨርቅ ላይ ግን እንዳታደርጊው። ዱቄቱ ክሩ መሃል ገብቶ ይቀራል፣ ለጊዜው ያነጣ ይመስላል፣ ከሳምንት በኋላ አቧራ እየያዘ ይመጣል።

ሶሉ ላይ ቆሻሻ ሳይሆን ጎማው ራሱ ቢጫ ከሆነ ፍተጋ አይመልሰውም። እዚህ ላይ ፐርኦክሳይድ ያለበት ክሬምና የፀሐይ ብርሃን አንድ ላይ ይሠራሉ። ፀጉር ቤት ለቀለም ማፍሊያ የሚጠቀሙበት 12 በመቶው ክሬም ነው። ጨርቁንና ቆዳውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነሽ ሶሉን ብቻ ትቀቢያለሽ፣ በስስ ላስቲክ ትጠቀልይዋለሽ፣ ፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት ታቆይዋለሽ። 12 በመቶው የሰው ገላ ያቃጥላል፤ ያለ ጓንት አይነካም፣ ዓይን አጠገብ አይደርስም። ቢጫውን ይቀንሰዋል። ከወራት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። እኔ በጣም ካልባሰ አልመክረውም፤ ደጋግመው ያደረጉት ጎማ እየደረቀ ሲሄድ አይቻለሁ።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ትጠይቂኝ ይሆናል። የአንቺው ቆዳ ስላለው አይገባም። ሙሉ ሸራ ወይም ወንፊት መሰል ጨርቅ ከሆነ በትራስ ልብስ ከትተሽ፣ ከፎጣ ጋር፣ በ30 ዲግሪ፣ በዝቅተኛ ሽክርክሪት ይሆናል። ማድረቂያው ውስጥ ግን በፍጹም።

ማድረቅ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጫማ ዕድሜ የሚያጥረው ሲታጠብ ሳይሆን ሲደርቅ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ ለማግስቱ ሰርግ የሚያደርገውን ነጭ ስኒከር ሰጠኝ። ሰዓት ገፋ፣ ጫማው አልደርቅ አለ። ምን አለበት ብዬ ማሞቂያ አጠገብ አስቀመጥኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ አፍንጫው ጋ ሶሉ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። ማስቲሹ በሙቀት ለቋል። መልሼ አጣበቅኩት፤ ግን የሶሉ ስፖንጅ ስለተኮማተረ አንዱ ጫማ ከሌላው በመጠኑ አነሰ። የጫማውን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። በብዙ ስኒከሮች ሶል ውስጥ ያለው ኢቪኤ የሚባለው ስፖንጅ ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተራል። ስለዚህ ጥላ፣ ንፋስ፣ ትዕግሥት። ውስጡን በነጭ ወረቀት ወይም በአሮጌ ነጭ ጨርቅ ሙዪው፤ ሲረጥብ ቀይሪው። ጋዜጣ አይሁን፤ ቀለሙ ይለቃል። ብትችዪ ከመሬት ከፍ አድርጊው፣ ንፋስ ከሥር ይግባው። አንድ ቀን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። ማራገቢያ ካለሽ ቀዝቃዛውን ንፋስ ልቀቂበት።

ለሚቀጥለው ጊዜ ቅደም ተከተሉንም አስተካክዪ። ጫማውን ውሃ ሳይነካው በፊት በደረቅ ብሩሽ አራግፊው። ጭቃ ከሆነ እስኪደርቅ ጠብቂው። እርጥብ ጭቃ ስትፈትጊው ክሩ ውስጥ ታስገቢዋለሽ፤ የደረቀው ራሱ ይፈረፈራል። ከሶሉ ጀምሪ፤ የሶሉ እድፍ ወደ ላይ ስለሚረጭ ላዩን አስቀድመሽ ካጠብሽው ሥራሽን ሁለቴ ትሠሪዋለሽ። ሳሙናውን ቀንሺ። እውነቴን ነው፣ ነጭ ጫማ የሚያበላሸው የሳሙና ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው።

እድፍ እንደየመልኩ ነው። ዘይት ከነካው ውሃ ሳታስነኪ ታልክ ፓውደር ነስንሺበት፣ ጥቂት ሰዓት ይምጠጠው፣ አራግፊና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨርሺው። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፤ ሙቅ ውሃ ያበስለውና ያጣብቀዋል። ሣር ያሳረፈበትን አረንጓዴ አልኮል ያስለቅቀዋል። ማስቲካ በበረዶ ሲጠነክር ተሰብሮ ይነሳል። አዲስ ጂንስ የለቀቀው ሰማያዊ ምላሱና ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ የተለመደ ነው፤ ጥጥ ላይ ጥቂት አልኮል አድርገሽ ቶሎ ቶሎ አብሺው። ቆዳው ላይ ከሆነ ቀስ ብለሽ፤ አልኮል አብዝተሽ ካቆየሽበት ቅቡንም ያለሰልሰዋል። እነዚህ ሁሉ በዕለቱ ሲሆኑ 5 ደቂቃ ናቸው። ሳምንት ሲያድሩ ግን ሌላ ነገር ናቸው።

ነጭነቱን ለማቆየት ከሁሉ የሚጠቅመው የማያምር ሥራ ነው፦ አውልቀሽ ስታስቀምጪው በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ፣ ሶሉን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በየሳምንቱ ማጠብ ግን አትልመጂ። ባጠብሽው ቁጥር ማስቲሹና ስፖንጁ ይደክማሉ። በተከታታይ 2 ቀን አንዱን ጫማ አታድርጊው። ላቡ እስኪደርቅ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ የቀረው ላብ ከውስጥ እያስቢጨ ይመጣል።

ውሃና ዘይት የሚገፋ ስፕሬይ ጥሩ ነው፤ በተለይ ጫማው አዲስ ሳለ፣ ገና ሳይለበስ። የታጠበ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀሽ ስስ አድርገሽ ርጪው፣ ይድረቅ፣ ድገሚው። ደጅ ወጥተሽ አድርጊው፤ ጭጋጉን መተንፈስ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል። ስፕሬዩ ጫማውን ከመቆሸሽ አያድነውም። ቆሻሻው ሳይሰርግ ላዩ ላይ እንዲጠብቅሽ ነው የሚያደርገው። እየለበስሽው ስለሚለቅ በየጊዜው ይደገማል።

ስታስቀምጪው ፌስታል ውስጥ አትቋጥሪው። እርጥበት ይታፈናል። ደግሞ አንዳንድ ፕላስቲክና ካርቶን ውስጥ ቢኤችቲ የሚባል መከላከያ ኬሚካል አለ። ከአየር ብክለት ጋር ሲገናኝ ቢጫ ይሆንና ነጭ ጨርቅ ላይ ያርፋል። ሳይለበስ የተቀመጠ አዲስ ጫማ ካርቶኑ ውስጥ ቢጫ ሆኖ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በጥጥ ከረጢት ወይም በነጭ ስስ ወረቀት ጠቅልለሽ፣ ፀሐይ በማይመታው ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። ብዙ ዓመትም አታስቀምጪው። ሶሉ ፖሊዩሬታን ከሆነ የአየር እርጥበት ብቻውን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ አንድ ቀን ስታደርጊው እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል።

ሁሉንም አድርገሽ ከሶሉ ጋር የሚገናኘው መስመር ብቻ ቢጫ ሆኖ ከቀረ እሱ ማስቲሹ ነው፤ አትታገዪው። በጨርቅ ቀለም መሸፈን ይቻላል፤ ግን ቀለሙ ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ጫማው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ይሰነጠቃል። ከቀባሽ ጠርዙን ብቻ፣ በቀጭን ብሩሽ፣ በጣም ስስ አድርገሽ ይሁን። ማሰሪያው ከፐርካርቦኔቱ በኋላም ካልነጣ አዲስ ግዢለት። አዲስ ነጭ ማሰሪያ የገባለት ጫማ ከርቀት ሲያዩት ሁሉ ነገሩ የታደሰ ይመስላል፤ እኛም ሱቃችን ውስጥ ይህችን ዘዴ ደጋግመን እንጠቀምባታለን።